ሽታ የሌለው ዳማከሴ

ሰኞ

ጋዙን ከፍቼ ረሳሁት። ባለቤቴ ገመቹ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ጮኸ። "ሰናይት፣ ጋዝ! አይሸትሽም እንዴ?"

አይሸተኝም። ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ወር አልፎታል፤ ማሽተቴ ግን አልተመለሰም። ለእሱ የነገርኩት ዛሬ ነው። ጋዙን ዘግቶ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፋፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን "ጋዝ ሲያፈተልክ አፍንጫችሁን እመኑ" የምል!

ማክሰኞ

ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሰምተው መጡ። (ገመቹ ምስጢር አይችልም።) ከጓሯቸው ዳማከሴ ቀጥፈዋል።

"ምች ነው የመታሽ። ይሄ ቆሪቻ ምቺ ነው፣ መድኃኒቱ። በእጅሽ እሺውና ሳቢው።"

በመዳፌ አሽቼ ሳብኩት። ምንም። እንደ ወረቀት። እሳቸው ከወዲያ ሆነው "ኡፍ፣ ደስ ሲል!" ይላሉ። ቀናሁባቸው።

ረቡዕ

እንግዳ ነገር! መምህራን ክበብ ከሻይዬ ላይ የናናውን ቅጠል አውጥቼ አኘክሁት። ሽታ የለም፤ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ብርድ ገባ። ሜንቶል! የሚነካው ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ነው፤ የሽታው ነርቭ ሌላ ነው። አንዱ ተኝቷል፣ ሌላው ነቅቷል ማለት ነው። ይህንን ስንት ዓመት በቃል አውቄዋለሁ፤ በራሴ አፍንጫ ግን ዛሬ ገና።

የጓሯችንን ናናም ሞከርኩ። ዝም። መልኩ ያው ነው፤ ሜንቶል የለውም ይሆን?

ሐሙስ

ገመቹ ለሥራ ወንጪ ሄዶ ጦስኝ በፌስታል አመጣልኝ። "ይሄንንም ፈትኚ፣ ቲቸር።"

አኘክሁት። ምላሴን ቆነጠጠኝ፣ ጉሮሮዬን ለበለበኝ። የሚለበልበው ዘይቱ ይሆናል፤ ቲሞል? ካርቫክሮል?

ከዚያማ ጨዋታ ሆነ። ዓይኔን በሻርፕ አስሮ ቅጠሉን አንድ በአንድ ያቀብለኛል። ከክበቡ ያመጣሁት ናና ብርድ፣ ጦስኝ እሳት፣ በሶብላና ዳማከሴ ዝም። ሁሉም ግን የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው፤ ግንዳቸው እንኳ አራት ማዕዘን ነው። በሳቅ ሞትን።

"ማሽተቴ በዚሁ ቢቀርስ?" አልኩት።

"እኔ አሸትልሻለሁ" አለ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ዓርብ

አዴ ጫልቱ እንዳይቀየሙ ብዬ ዳማከሴውን ዛሬም አሸሁት። የተቃጠለ ጎማ! ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚቃጠል ነገር የለም። ደግሜ ሳብኩ። ጎማ!

አዴ ጫልቱን ጠርቼ እንዲያሸቱት ሰጠኋቸው። "ጤነኛ ዳማከሴ ነው እኮ፣ ልጄ!" ግራ ገባቸው።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ "ነርቩ ሲያገግም አንዳንዴ ሽታ ያምታታል። ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቃል ግን አልገባልሽም" አለችኝ።

ነርቤን የቀሰቀሰው ቅጠሉ ነው ወይስ ጊዜው? አላውቅም። አዴ ጫልቱ ቅጠሉ ነው ብለዋል፤ አልተከራከርኳቸውም።

አሁንም መዳፌን አፍንጫዬ ላይ አድርጌያለሁ። ይቀፋል። ግን ይሸታል።