እኔን ገድለው ልጄን ስላስቀጠሩልኝ

ለተከበሩ፣ መምህራንን ወደ ውጭ አገር ለሚልከው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴን ራሴ እጠርጋለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ መጋዜን ራሴ እሞርዳለሁ፣ ያለ መነጽርም መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ይህን የምነግርዎ ለጉራ አይደለም፤ እርስዎ ዘንድ ሞቷል ተብዬ ስለተመዘገብኩ፣ ድንገት ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል? እንዲወስድዎ እጸልያለሁ፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን የሚመጣበትን ነገር አጥርቶ አያይም።

ደብዳቤዬን ለሁሉ ግልጽ ያደረግኩት ጸሐፊዎ «አባባ፣ የተናደደ ሁሉ ይጽፋል፤ አለቃ መች ያነበዋል» ስላለችኝ ነው። እንግዲያው ሌላው ያንብበው። ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት፤ እሷ ገና ተማሪ፣ እኔ ጎልማሳ አናጢ ሳለሁ፣ በጣውላ ላይ በእርሳስ እየጻፈች። የጎደለ ፊደል ካገኙ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ግትር ተማሪ ነበርኩ።

መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ስለሚባል ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ልጄ ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረች መምህርት ናት። ውጭ አገር ለማስተማር ስታመለክት የጠየቀችው ሁሉ «የቋንቋው ተወላጅ ብቻ» እያለ መለሳት። እርስዎ ግን ደግ ነዎትና አልመለሷትም። ፈትነዋት ሲያበቁ «እንግሊዝኛሽ እንከን የለውም፤ እንከኑ አወላለድሽ ነው፤ እሱን እኛ እናስተካክለዋለን» አሏት። እኔና እናቷ በስንት ምጥ የፈጸምነውን ነገር እርስዎ ከምሳ በኋላ አሻሻሉት። በወረቀት ላይ ሌላ አገር ወለዷት፣ ሌላ ስም አወጡላት፣ አባቷንም የመርከብ ሐኪም ካደረጉት በኋላ ገደሉት። ከወንዝ የሰፋ ውሃ አይቶ ለማያውቅ አናጢ ትልቅ ሹመት ነውና አመሰግናለሁ። ባለቤቴን የወሰዳት ፈጣሪ ነው፤ እሱ እንኳ እንዳስታምማት ጊዜ ሰጥቶኛል። እርስዎ እኔን በአንድ ጊዜ ጨረሱኝ።

«ፈርማለች» ይሉኛል። አዎ፣ ፈርማለች። እኔም «ሂጂ ልጄ፣ ለትንሽ ጊዜ ብሞት ምን አለበት» ብዬ ስቄአለሁ።

ሁለተኛ፤ የስልኩ ነገር። በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ነገር ግን የቋንቋው ተወላጅ አለመሆኗ እንዳይታወቅ በእንግሊዝኛ ካልሆነ እንዳታወራ ስለተከለከለች፣ አጠገቧም ሰው ስለማይጠፋ፣ ከገዛ አባቷ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች። እኔ አንድም አይገባኝም፤ «የስ፣ የስ» እያልኩ ድምጿን አዳምጣለሁ። ለድምፅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። መጀመሪያ ድምጿ ይስቅ ነበር፤ ኋላ እየቀጠነ ሄደ።

ሦስተኛ፤ ጎረቤቴ ቤት ከመሰላል ወድቄ ዳሌዬን ተጎዳሁ። አሁን ድኛለሁ፤ አይጨነቁ። ጎረቤቴ ነግራት ኖሮ፣ ልጄ አሠሪዋን «አባቴ ታሟልና ሄጄ ልየው» ብላ ፈቃድ ጠየቀች። አሠሪዋም «አባቴ ሞቷል ብለሽ አልነበር? ስንት አባት ነው ያለሽ?» አላት። ነገሩ በዚያው ወጣ። ሰውየው ግን አላባረራትም፤ የተማሪዎቹ ወላጆች ከሰሙ ትምህርት ቤቱ ይዋረድበታላ። ፓስፖርቷን ቀምቶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እንድታስተምር አዘዛት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በመጨረሻ በደወለች ጊዜ፣ በእናቷ ቋንቋ፣ በሹክሹክታ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ነው። ከዚያም «አባዬ፣ የክፍሌን በር ከውጭ ነው የሚቆልፉብኝ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይነሳም።

ዕድሜ ልኬን በር ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ነፍስ ያለው ነገር ውስጥ እያለ ከውጭ የሚዘጋ በር የሠራሁት ለዶሮ ቤት ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ይህንኑ ላመለክት ብመጣ ጸሐፊዎ መዝገቡን አየት አድርጋ «የእሷ አባት እኮ በሕይወት የሉም፤ እርስዎ በምን ይዛመዷታል?» አለችኝ። ቅን ልጅ ናት፤ ይህን ስትለኝ ወንበር ስባልኛለች።

ስለዚህ ከቢሮዎ መስኮት ሥር መቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ የልጄ ፎቶ «ተሳክቶላታል፤ ቀጣይዋ አንቺ ነሽ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከተለጠፈበት ሥር። ሰርተፊኬታቸውን አቅፈው ለሚመጡ ወጣት መምህራን ጽሑፉን አነብላቸዋለሁ፤ ቀጥዬም ስለ በሩ እነግራቸዋለሁ። ትናንት ሁለቱ ከደጅ ተመለሱ። አንዷ «እኚህ ሽማግሌ ደግሞ» ብላ ስቃብኝ ገባች። መልኳን ይዤዋለሁ። አባቷን ፈልጌ፣ ሊሞት መሆኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ልጄን ያምጡልኝ። በሄደችበት ስም ቢመልሷትም አልጣላዎትም፤ እናቷ ባወጣችላት ስምም፣ እኔ ባወጣሁላትም ጠርቼ አስለምዳታለሁ።

እስከዚያው ዕዳዬን እያቃለልኩ ነው። ለጸሐፊዎ የወንበሩ ውለታ አለብኝ፤ የሚንገዳገደውን ጠረጴዛዋን አጠብቅላታለሁ። ጎረቤቴ ስታነሳኝ የተሰበረው ደረጃዋ አለብኝ፤ እሱንም እጠግናለሁ። ለሟች ባለቤቴ ልጃችንን ላልጥል የሰጠሁት ቃል አለብኝ። የእርስዎም አለብኝ። የእርስዎን በሰው አልልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በእርስዎ ፈቃድ የመርከብ ሐኪም የነበርኩት፣ በእርስዎው ፈቃድ ሟች፣
የመምህርቷ አባት አናጢው

ማስታወሻ፦ አንድ ጠበቃ ጠይቄ ነበር፤ የሞተ ሰው ምንም ቢያደርግ አይከሰስም አለኝ። ይህንንም ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።