ኪስ የለውም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ተሸጠ! አረንጓዴው ቀሚሴ ተሸጠ! አሥራ አንድ ሰው ተናንቆበት፣ በመጨረሻ «ንግሥት 77» የምትባል አሸንፋ ወሰደችው። ሃያ ዓመት የሰው ሱሪ ሳሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስቀይር ኖሬ... ዛሬ ከራሴ አውጥቼ የሰፋሁት ቀሚስ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሰው አጣላ! ደረጃው ላይ ቆሜ ምድር ቤት ወዳለችው እህቴ ጮህኩ።

«እትዬ! ተሸጠ!»

«ምኑ? ቤቱ?» አለችኝ። ደንግጣ፣ ምስኪን።

በጎን ስፌቱ ውስጥ ኪስ ደብቄበታለሁ። እጅ ካልገባ ዓይን አያገኘውም። ማስታወቂያው ላይም «ኪስ አለው» ብዬ ጽፌያለሁ። የምኮራው በሱ ነው።

አርብ፣ ጥቅምት 8

ደርሷታል። ምንም አልጻፈችም። ዝምታ ደግ ነው... መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቅሬታ። «እንደተገለጸው አይደለም። ኪስ አለው ተብሎ ነበር፣ ኪስ የለውም። አልለበስኩትም፣ እመልሳለሁ።»

ኪስ የለውም?! የት ሄደ? በእግሩ?

ከዚህ በፊት በሸጥኳቸው ልብሶች ሁለት ቅሬታ አለብኝ። አንዷ «ቀለሙ ስልኬ ላይ ካየሁት ይለያል» አለች። ሌላዋ «ቁልፉ ጥፍሬን ሰበረው» አለች። ጥፍሯን! ሁለቱንም ጊዜ የጨረታው ሰዎች ለገዢ ፈረዱ። ሦስተኛ ከተፈረደብኝ የመሸጫ ገጼን ይዘጉታል፣ ለሁልጊዜ። ከዚያስ? ተመልሼ ሱሪ ላሳጥር?

ለጨረታው ሰዎች ጻፍኩ። ዓይኔን ሳላርገበግብ መልስ መጣ። «ውድ ሻጫችን፣ ስሜትዎን እንረዳለን። ማስረጃ ከሌለዎት ጉዳዩ ለገዢ ይወሰናል።» ስሜቴን ይረዱልኛል! እንዲህ ያለ ማር የተቀባ ደብዳቤ ያንገሸግሸኛል።

እትዬ ደግሞ፣ «አንቺስ ኪሱን ያን ያህል ምን አስደበቀሽ? ሌባ ፈርተሽ ነው?»

ይሄ አሁን ይቀለዳል? ግን... እውነት አጥታው ቢሆንስ?

አርብ፣ ጥቅምት 22

ተመለሰ። ፖስተኛው ጥቅሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «እናቴ፣ ምንድን ነው ያዘዙት? ዓሣ ነው?»

ከፈትኩት። ኡፍፍ! የላብና የሽቶ ቅልቅል ፊቴን በጥፊ መታኝ። ብብቱ ነጭ ጨው ሠርቷል። አንገትጌው የፊት ቀለም ጠጥቷል፣ ደረቱ ላይ ቅባት፣ ጫፉ ላይ ጭቃ። «አልለበስኩትም» ያለችው ይሄን ነው! መስኮት ከፈትኩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ወንበር ላይ ዘረጋሁት።

እትዬ አፍንጫዋን ይዛ ገባች። «ቀሚሱን ነው የላከችልሽ ወይስ ራሷን?» ቀጥላም፣ «እድፍ ማስረጃ አይሆንሽም። አንቺው ነሽ ያቆሸሽው ይሉሻል።»

እውነቷን ነው። 

ያኔ ኪሱ ትዝ አለኝ። ልይ እስቲ፣ አለ የለም? በስፌቱ እጄን ሰደድኩ... ገባ! እስከ አንጓዬ ገባ! ባዶም አይደለም። አንድ የተጨማለቀ ሶፍት፣ ከንፈር የተጠረገበት። ሶፍቱ ውስጥ የታኘከ ማስቲካ፣ የመንጋጋዋ ቅርጽ ሳይቀር ታትሞበት። ቱ! ማስቲካው ላይ ተጣብቆ ደግሞ ወፍራም ካርድ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ። «የሙሽራው አክስት። ጠረጴዛ 9። ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16።»

ኪስ የለውም ያለችው ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን!

እትዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «የሌለ ኪስ ውስጥ! የሌለ ኪስ ውስጥ!» እኔ ካርዱን በሁለት ጣት ይዤ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ይባስ ብላ፣ «ከኪሱ ሲወጣ መቀረጽ አለበት፣ መልሰሽ ክተቺው» አለችኝ። ከተትኩት። እንደገና አወጣሁት። እሷ በስልክ ቀረጸች። እጄን አራቴ ታጥቤ አሁንም የሰው ምራቅ ያለበት ይመስለኛል። ቅሬታው ሥር አያይዤ ለጨረታው ሰዎች ላኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የጨረታው ሰዎች ገና አልወሰኑም። እሷ ግን መለሰች፣ እዚያው ሁሉም በሚያነበው ቅሬታ ሥር፦ «የሰው ኪስ መበርበር ምን የሚሉት ብልግና ነው? ኪሴ ውስጥ እጅሽን ክተቺ ማን አለሽ?»

አምስቴ አነበብኩት። ኪሴ? ኪሴ አለች?!

«እጇን ሳሚልኝ» አለች እትዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ተፈረደልኝ! ገጼ አልተዘጋም! «ውድ ሻጫችን» ብለዋል አሁንም፣ ይበሉ።

ቀሚሱን መልሼ ልላክልሽ ብላት፣ «ያንቺን ቡትቶ ዓይኔ አይየው» አለች። ተገላገልኩ። ሦስት ውኃ አጠብኩት፣ ሽታው ለቀቀ። ከዚያ ጎንና ጎኑን ሁለት ሁለት ጣት አሰፋሁና... ለበስኩት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰፋ አንድ ቀን ለራሴ አልሰፋሁም ነበር። እትዬ ዞር ዞር አድርጋ አየችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው ጠፋት።

በቃ፣ ድግስ ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ፖስተኛውም ጭምር። ማስቲካ የሚያኝክ በር ላይ ተፍቶ ይግባ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እቀበላቸዋለሁ። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30፣ በዘጠኝ ሰዓት። አንድም ሰው እንዳይቀር!