ቁጥር አራት ቀይ ጨርቅ

ውድ አባዬ፣

አጎቴ ቤት በደህና መድረስህን ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፈው ተመለስ ብዬ ልለምንህ አይደለም። ተቆጥቼ ነው። በአፌ ስቆጣ አይተኸኝ ስለማታውቅ በወረቀት ልሞክረው።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ተቀመጪ አለኝ። ለጽዳት ሠራተኛ ወንበር ሲሰጥ ነገር እንዳለ ገባኝ። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ወረቀቱ የሚለው፣ በዚያ ቀን አውሮፕላኗ ውስጥ ምንም እንዳላየሁና ስህተቱ የመካኒኩ፣ ያንተ ብቻ እንደሆነ ነው። ቃል በቃል እያነበብኩ ሳዘግም ታከተውና፣ «አባትሽ እኮ ፈርሞ የሄደው ላንቺ ብሎ ነው» አለኝ። ማብሪያው ላይ ያሰርከውን ቀይ ጨርቅ ስታጸዳ የጣለችው ልጅህ ናት ብለው እንደነገሩህ፣ አንተም እኔ እንዳልባረር ጥፋቱን እንደተሸከምክ ያኔ ሰማሁ።

አባዬ፣ እኔ ቁጥር አራትን እጥላለሁ ብለህ አመንክ?

አሮጌውን ቀይ መጋረጃ ሰባት ቦታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዳር ዳሩን የዘመዘምኩት፣ በነጭ ክር ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር የጠለፍኩበት እኔ ነኝ። ስትሠራ ከቦታው ባንቀሳቀስከው ማብሪያ ላይ ሁሉ አንዱን ታስራለህ፤ ማብሪያውን ወደ ቦታው ሳትመልስ አትፈታውም። ሰባቱም ኪስህ ካልገቡ ቤት አትመጣም። አንዴ ስድስት ቢሆኑብህ ከበራችን ተመልሰህ የአውሮፕላኖቹ ማቆሚያ ሀንጋር ድረስ በእግርህ ሄደሃል። የሀንጋሩ ሰዎች «ሽማግሌው ልብስ ስፌት ጀመረ» እያሉ ሲስቁብህ እኔ ጥግ ቆሜ እሰማ ነበር። በየሳምንቱ አጥቤ፣ ተኩሼ የምመልስልህ እኔ ነኝ። እነሱ ያሉህን ከማመንህ በፊት እኔን አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

አንተ ግን አልጠየቅከኝም። እኔም ሳልነግርህ ቀረሁ። አሁን ልንገርህ።

ያን ቀን የአውሮፕላኗን የውስጥ የአየር ግፊት ስትፈትሽ፣ ማብሪያውን በራሱ ከሚሠራበት ቦታ በእጅ ወደሚሠራበት አዙረህ ቁጥር አራትን አሰርክበት። ወዲያው የሌላኛዋን አውሮፕላን ጎማ እንድታይ ጠሩህና ወጣህ። የአውሮፕላኗ ባለቤት እናት፣ እትዬ፣ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ቀድመው መጡ። ካፒቴኑ እየሮጠ ገባ። እኔ የአብራሪዎቹ ክፍል በር አጠገብ ያለውን ወንበር እየወለወልኩ ነበር። ጨርቁን ፈታው፣ ጥቁር መነጽሩን ጠረገበት፣ ከዚያ ዞር ሳይል ወደ ቆሻሻ ከረጢቴ ወረወረው። ረዳት አብራሪው ገና አልመጣም ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያ ጨርቅ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። «ጋሼ፣ እሱ አይፈታም» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ካፒቴን ነው፣ ከእኔ በላይ ያውቃል አልኩ ለራሴ። ጨርቁን ከከረጢቱ አውጥቼ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት፤ ያደረግኩት ይኸው ነው። አንተ የወሰድክልኝ ጥፋት የእኔ አይደለም። የእኔ ጥፋት ዝም ማለቴ ነው።

አስተናጋጇ ታማ ስለቀረች ካፒቴኑ፣ «ድመቷ፣ ዛሬ ትበሪያለሽ፤ ለእትዬ ውኃ ታቀብያለሽ» አለኝ። ድመቷ የሚሉኝ ድምፅ ሳላሰማ ስለምመላለስ ነው፤ እምቢ ማለት አላውቅበትም። አንተ ከጎማው ሥር ቀና ስትል እኛ ተነሥተን ነበር።

ደመናውን እንዳለፍን ጆሮዬን ወጋኝ። እትዬም ጆሯቸውን ይዘው እኔን ተቆጡ፣ እኔ የያዝኩት ይመስል። ውኃ ላቀብል መሳቢያውን ስከፍት የቺፕስ ከረጢቶቹ እንደ ኳስ ተነፍተዋል። አየር ሲሳሳ የታሸገ ነገር ያብጣል ብለህ ስለነገርከኝ አንዱን ይዤ ወደ አብራሪዎቹ ሄድኩና ከኋላቸው ቆምኩ። በመጨረሻ «ከረጢቶቹ አብጠዋል» አልኩ።

ካፒቴኑ፣ «እንግዲያው ሳይፈነዳብሽ ብይው» አለኝ። ረዳቱ ግን አልሳቀም። ዞር ብሎ ከረጢቱን አየ፣ ከዚያ ሰሌዳውን አየ። እጁን ሳይዘረጋ የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። ሁለቱም የኦክስጅን ጭምብላቸውን ባንዴ አጠለቁ፤ ረዳቱ በእጁ ሂጂና ተቀመጪ አለኝ።

ወንበሬ ጋ ስደርስ ከጣሪያው ቢጫዎቹ ጭምብሎች ወርደው ይወዛወዛሉ። እትዬ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ልቤ ወደ እሳቸው ሄደ፣ እጄ ግን ወደ ራሴ። ቤታችን በሻይ ማጥለያ ያለማመድከኝን ታስታውሳለህ? ማጥለያውን አፍንጫዬ ላይ እየደፋህ «የራስሽን ሳታጠልቂ የሰው ፊት አትንኪ፤ አንቺ ከወደቅሽ ሁለት ሬሳ ነው» ትለኝ ነበር። የራሴን አጠለቅኩ። ከዚያ የእሳቸውን ገመድ ሳብኩና ፊታቸው ላይ አደረግኩላቸው። ከንፈራቸው ወደ ሰማያዊ አድልቶ ነበር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ደፍታ ስትወርድ እጄን አልለቀቁኝም፤ የጥፍራቸው ምልክት እስከ ዛሬ አለ።

ታች ወርደን አየሩ ሲመለስ ረዳቱ ማብሪያው አሁንም በእጅ በሚሠራበት ቦታ ላይ እንዳለ አየ። በሰላም አረፍን። እትዬ ደረጃው ላይ ገና እግራቸው ሳይጸና፣ «የሠራተኛ ልጅ ለራሷ ቀደመች» ብለው ለልጃቸው ከሰሱኝ። በሕይወት ኖረው ስለከሰሱኝ ደስ ብሎኛል።

እና አባዬ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የራስሽን አስቀድሚ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንተ ግን የራስህን አውልቀህ እኔ ላይ አጠለቅክ፤ ያውም እኔ ትንፋሽ ሳላጣ፣ ሳልጠይቅህ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራህበት ስምህ ያለ አየር ቀረ። ይህን ውለታ አልቀበልም።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ። እኔም ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና «አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «ምን አልሽ?» አለ፣ በእርግጥም ያልሰማ ይመስለኛል። ድገሚ ሲሉኝ ሁልጊዜ ዝም እል ነበር። ትናንት ደገምኩት። ከዚያ «ድመቷም አፍ አወጣች» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀበት። ከነገ ጀምሮ ሥራ እንዳልገባ ነገረኝ። ባልዲዬን ቦታው መልሼ፣ መወልወያዬን ጨምቄ ሰቅዬ ወጣሁ። አልሮጥኩም።

በሩ ላይ ረዳቱ ደረሰብኝና ስለ በረራው የሚጠይቀው መርማሪ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንደሚመጣ ነገረኝ። ካየሽው ነገር ካለ ተናገሪ፣ እኔ ጨርቁን አላየሁም፣ ስለ ከረጢቱ ግን እመሰክራለሁ አለ።

ሐሙስ እናገራለሁ። ማን እንደፈታው፣ በምን እንደጠረገ፣ የት እንደጣለው። እኔ አይቼ ዝም ማለቴንም እናገራለሁ፤ እሱን አስቀርቼ ሌላውን ብናገር የእነሱ ዓይነት ወረቀት ይሆናል። ስትሄድ «አደራ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለህ ጽፈህልኛል። አባዬ፣ አየርም አይገባም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላለህ ደግሞ። እኔ እያደር አልፈልግም። ሐሙስ በሦስት ሰዓት እንዲጠራ ነው የምፈልገው።

ብትመጣ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ባትመጣ ብቻዬን እቀመጣለሁ፣ ያውም ወንበር ሳይሰጡኝ። አንተ የፈረምከውን እኔ መፋቅ አልችልም፤ ያየሁትን ግን አንተም ብትሆን አታስተወኝም።

ስድስቱ ጨርቆች ታጥበውና ተተኩሰው ሳጥንህ ላይ ናቸው። ቁጥር አራትን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጥበው አስቀምጫለሁ። የካፒቴኑ መነጽር ቅባት እንዳለበት ይዤው እገባለሁ።

የማትፈርመው ልጅህ፣
ድመቷ