ያላየሁት ሕልም

ነሐሴ 12 ቀን 1979

ዝናቡ ዛሬ አረፍ አለ። ሙቀቱ ግን ያው ነው... ሸዋ ሮቢት ክረምት ማለት ጭቃና ትንኝ ነው። የሮቢ ወንዝ ትናንት ሞልቶ የቦያችንን አፍ በደለል ደፍኖት አደረ። አባ ከነሽምግልናቸው አካፋ ይዘው ወረዱ። ይተዉ ብላቸው፣ "ለቦይ ጠረጋው ስም ሲጠራ የአብዱልሃዲ ቤት ቀረ ሊባል ነው?" አሉኝ። ጉልበታቸው አለቀ፤ ኩራታቸው እንዳለ ነው።

ገበያ ዋልኩ። ማሾው ደህና ተሸጠ። እትዬ በላይነሽ ከጎኔ ጤፋቸውን ዘርግተው ስለ ልጃቸው ስለ ተክሌ ሲያወሩ ዋሉ። ተክሌና ወንድሜ ሸሪፍ አንድ ቢሮ ነው የሚሠሩት፣ የመንግሥት እርሻው መዝገብ ቤት። እሳቸው ሲያወሩ ግን እርሻውን ተክሌ ብቻውን የሚያርሰው ይመስላል።

ሸሪፍ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ምነው ብለው፣ "ነገ እነግርሻለሁ፣ እታለም" አለኝ። ምን ይሆን? ሚስት ብቻ እንዳይሆን።

ነሐሴ 13

ሚስት አይደለም። ታሽኬንት ነው።

ለእርሻው አንድ የትምህርት ዕድል መጥቷል። ሶቪየት ኅብረት፣ የመስኖ ምሕንድስና። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አምስት ዓመት ትምህርት። አውሮፕላኑ፣ ምግቡ፣ መኝታው፣ የብርድ ካፖርቱ ሳይቀር በነፃ። የኪስ ገንዘብም አለው። ኃላፊው ጠርተው፣ "ቀዳሚው አንተ ነህ፤ እምቢ ካልክ ለተክሌ ነው" ብለውታል። መልሱን እስከ ሃያ ሁለት ይፈልጉታል።

ሲነግረን ከደስታው የተነሣ ቁጭ ብድግ ይል ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስድስት ዓመት?"

ነሐሴ 15

ሌላ መንገድ አለ። ስድስት ኪሎ። ሸሪፍ በማትሪክ ለቀን ተማሪነት የጎደለው ጥቂት ነጥብ ነው። የማታው ክፍል ይቀበለዋል፣ ሕግ፣ በክፍያ። ሥራውን መልቀቅ አለበት፣ አዲስ አበባ ቤት መከራየት አለበት... ያ ሁሉ ከኔ ማሾና ከአባ ሽንኩርት ሊወጣ ነው። ያለችን ግመል ትሸጣለች። የእናቴ ወርቅም አለ።

ግን ስድስት ኪሎ እኮ ነው! ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን፣ "ዙሀራ፣ አንቺ ስድስት ኪሎ ነው የምትገቢው" ብለውኝ ነበር። አንደኛ ነበርኩ። በዚያው ዓመት እናቴ ሞተች። ሸሪፍ አራት ዓመቱ ነበር። ደብተሬን አስቀምጬ እሱን አዘልኩ። ማንም አላስገደደሽም ይሉኛል። አዎ፣ ማንም አላስገደደኝም። ማንም አልጠየቀኝም።

ሸሪፍ፣ "በነፃ የተሰጠኝን ትቼ እናንተን ላራቁት?" አለ። እኔ አልተኛሁለትም። "እዚያ የሚበላው አሳማ ነው። ብትሞት እንኳ ማን በወጉ ያጥብሃል?" አልኩት። "ታሽኬንት የእስላም አገር ነው፣ መስጊድ አለው" አለኝ። ይኼን ደግሞ ማን ነገረው?

ነሐሴ 18

ቤቱ ኩርፊያ ሆነ። በመጨረሻ አባ፣ "ኢስቲኻራ ይደረግ" አሉ። ሁለት ረከዓ ተሰግዶ፣ ከሁለቱ የሚበጀውን እንዲያመለክት አላህ ተለምኖ፣ ለሶላት እንደታጠቡ በውዱእ ይተኛል። በሕልም የታየው ይሆናል። በኛ ዘንድ ባለጉዳዩ ራሱ ባያደርገው ሕልሙ የማይስት ሰው ያደርግለታል። ሸሪፍ፣ "እኔ እንደ ግንድ ነው የምተኛው" ብሎ ሳቀ። ለሼኹ እንስጣቸው አልኩ። አባ አልተቀበሉም።

"የእናትሽ ሕልም አይስትም ነበር። አንቺ አድርጊለት። ሦስት ሌሊት።"

ነሐሴ 19

ምንም።

ነሐሴ 20

ጆንያ አየሁ። ባዶ ጆንያ ሳራግፍ። ይኼ ሕልም ነው? የዘወትር ሥራዬ ነው እንጂ።

ነሐሴ 21

ዛሬም ምንም አላየሁም።

ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ሁለቱም ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሸሪፍ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጸጉሩን አበጥሯል። "እታለም፣ አየሽ?" አለኝ። አላህ ዝም አለ፤ እኔ ተናገርኩ።

ጥቁር ውኃ አየሁ አልኩ። ሰፊ። ሸሪፍ ሊሻገር ገባ፣ ከዚያ ኮፍያው ብቻ ሲንሳፈፍ አየሁ። ወዲህ ደግሞ አረንጓዴ በር አለ፣ ተከፍቶ... ከአፌ ሲወጣ እንዴት ቀለለኝ! ሸሪፍ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ጫማውን አጥልቆ ሥራ ሄደ። አባ ቀና ብለው አላዩኝም።

ለምን ዋሸሁ? ለሃይማኖቱ ብዬ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። እዚህ ደግሞ ማንን ነው የምዋሸው? አይመለስም ብዬ ፈራሁ። እዚህ ሙቀት ውስጥ ከአባና ከማሾ ጋር እንዳልቀር ፈራሁ። ደግሞ "ወንድሜ ስድስት ኪሎ ነው" ማለት አማረኝ። ይኸው ነው።

ነሐሴ 22

እምቢታውን በጽሑፍ ሰጠ። ዕድሉ ለተክሌ ሆነ። እትዬ በላይነሽ ገበያ መሀል እልል ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። "ዙሀራዬ፣ እናንተ ገፍታችሁ ለኛ ሲሳይ ሆነ! ግን ምን ነካችሁ?" አሉኝ። የአላህ ፈቃድ ነው አልኳቸው። አንደበቴ እንዴት ለመደው!

መስከረም 14 ቀን 1980

ግመሏ ሄደች። የእናቴ ወርቅም። ሸሪፍ የሥራ መታወቂያውን ለእርሻው መልሶ ፈረመ። አውቶቡሱ ጋ ስሸኘው፣ "አሁን እንግዲህ እኔ ማን ነኝ?" ብሎ ቀለደ። "የስድስት ኪሎ ተማሪ ነሃ!" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው እንዲሰማ።

ኅዳር 6

ተክሌ ደብዳቤ ጻፈ። የእትዬ በላይነሽ ዓይን ደክሟል፤ እኔው አነበብኩላቸው። ብርድ ነው ይላል። ግን ክፍሉ ይሞቃል፣ ሩዝ በበግ ሥጋ ይበላሉ፣ ቋንቋውም ይገባው ጀምሯል። "ለሸሪፍ ንገሩልኝ፣ ከማደሪያችን ጀርባ መስጊድ አለ፣ ዓርብ ዓርብ መንገዱ በሰው ይሞላል" ይላል።

መስጊዱን ዘለልኩት። ሌላውን ሁሉ አነበብኩ።

ጥር 22

ሸሪፍ ሦስት ቀን ሰንብቶ ዛሬ ተመለሰ። ከስቷል። ከአራት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ነው የሚያድረው፣ እያሳቀ ነገረን። ውጤቱ ግን የሚያኮራ ነው። አባን ስለ ውል ሕግ ሲያስረዳቸው አመሸ፤ የገባቸው አይመስለኝም፣ ግን አፉን አፉን ያዩታል። ገበያ ውስጥ "የሕግ አዋቂው እህት" አሉኝ።

ሦስቱን ቀን ሙሉ ውሸቴን ረሳሁት።

መጋቢት 27

ሬዲዮው "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" ይላል፣ ጧትና ማታ። ሰሜን ላይ ክፉ ነገር ሆኗል እየተባለ ይንሾካሾካል። የማጀቴና የአጣዬ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ወደ አፋር በረሃ እየወረዱ ነው። የኛ አዲስ አበባ ነው ያለው። ተማሪ አይነካም ይላሉ... አይነካም አይደል?

ሚያዝያ 25

ተነካ።

አብሮት የሚያድረው ልጅ ዛሬ መጥቶ ነገረን። ከክፍል ሲወጣ መንገድ ላይ ነው የያዙት። የሥራ መታወቂያ ያሳየ ተለቀቀ። የቀን ተማሪም ተለቀቀ። ሸሪፍ የማታ ወረቀቱን ሲያወጣ፣ "ቀን ምን ትሠራለህ?" አሉት። ምን ይበል? ከፍዬ እማራለሁ ይበል?

አባ ጾማቸውን በውኃ ብቻ ፈቱ። እኔ ማዕዱን አነሣሁ። ሳህኑን ሳጥብ ሳጥብ... አንዱን ሳህን ስንቴ እንዳጠብኩት አላውቅም።

ግንቦት 9

ኢድ። እኛ ቤት ምንም የለም። እትዬ በላይነሽ ስኳርና ቡና ይዘው መጡ። ልጃቸው ደህና መሆኑን እንዳይነግሩኝ ሲጠነቀቁ ዋሉ። ጠላኋቸው። ምን አደረጉኝ? ምንም።

ሰኔ 17

ደብዳቤ መጣ። ከማሠልጠኛ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሄዷል። ደህና ነኝ ይላል፣ ጽሑፉ ግን የሱ አይመስልም፤ ቶሎ ቶሎ የተጻፈ ነው።

ለአባ ሳነብላቸው መሀል ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። "አባ፣ ያኔ ምንም አላየሁም። ሦስቱንም ሌሊት" አልኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ በወደድኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ምን?

"እናትሽ ሕልም ስትናገር ትርበተበት ነበር። አንቺ የማሾ ዋጋ እንደምትናገሪ ነው የነገርሽን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም። ለሼኹ ብሰጠው፣ ሂድ ይሉት ነበር። አንቺ እንደፈራሽ አይቼ ነው ላንቺ የሰጠሁት።"

ስድስት ኪሎ ያማረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ ለካ። እሳቸው ያማራቸው ልጃቸው በአውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ መኖሩ ነው። እኔን ለውሸቱ ላኩኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩላቸው። ምን ልበላቸው? እኔ ማን ሆኜ ነው?

በመጨረሻ፣ "ለሱ እንዳትጽፊ" አሉኝ። "አላህ ነው የከለከለኝ ብሎ ይጽናና። አባቴና እህቴ ናቸው ካለ በምን ይቆማል?"

አልጻፍኩም።

ኅዳር 8 ቀን 1981

ከሸሪፍ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ ወታደር መጣ። አብዱልወሃብ ይባላል፣ የአጣዬ ልጅ ነው። እጁ ቆስሎ ለፈቃድ ወጥቷል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል። ሸሪፍ በወረቀት የማይጻፍ መልእክት ልኮበታል።

ሦስት ሆነው ወደ ሱዳን ሊወጡ አስበዋል። ቀድመው ወጥተው የተሳካላቸው አሉ። የተያዙም አሉ። "የተያዙትስ?" ስለው አብዱልወሃብ፣ "እሱን ተይው" አለኝ።

"እህቴ ኢስቲኻራ ታድርግልኝ ብሎሻል። ሂድ ካልሽው ይሄዳል፣ ቅር ካልሽው ይቀራል። ስለዚያ ጥቁር ውኃ ለሁላችንም ነግሮናል፣ ወላሂ። 'እህቴ ባታየው ኖሮ ይኼኔ ሰው አገር አፈር በልቶኝ ነበር' ይላል። እኔም ስፈራ እሱን እንዲያወራኝ እጠይቀዋለሁ።"

ውኃ ልቅዳልህ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ለመውጣት ጊዜ ወሰደብኝ።

ኅዳር 9

ሰገድኩ። እንደዚህ ለምኜ አላውቅም። ምንም።

ኅዳር 10

ምንም። ሂድ ብለው ቢያዝስ? ቅር ብለው እዚያው ቢመታስ? ደግ ሕልም መፍጠር እችላለሁ፣ አውቅበታለሁ። ነጭ ፈረስ፣ አረንጓዴ ሜዳ... ሸሪፍ ደግሞ ያምነኛል።

ኅዳር 11

ዛሬም ምንም።

አብዱልወሃብ ጧት መጣ፣ ሻንጣውን እንደያዘ። አባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጁ አልተቀመጠም፣ መኪና ያመልጠኛል አለ።

"ምንም አላየሁም በለው" አልኩት።

"ምንም?"

"ምንም። ያኔም አላየሁም ነበር በለው። ጥቁር ውኃም በርም አልነበረም። እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ከሆዴ አውጥቼ ነው የነገርኩት። አሁን መሄዱንም መቅረቱንም ራሱ ይወስን። ከኔ እንዳይጠብቅ።"

ልጁ ወደ አባ ዞረ። ያበድኩ መስሎት ይሆናል። ተይ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዳትጽፊ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ተይ አላሉኝም።

"ይኼን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?" አለ አብዱልወሃብ።

አባ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። የልጁን ደህናውን እጅ ያዙት።

"እንደነገረችህ ንገረው" አሉት። "አባትህም ያውቅ ነበር በለው።"