ስለ ማኅበሩ ላፕቶፕ ዋየርለስ እና ስለ ተቆለፈው በርዎ

ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.
ጅዳ፣ ባግዳዲያ

ለክቡር አቶ ወልደ ማርያም፣ የ«አብሮነት» ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቢሮዎ ተቆልፎ፣ ስልክዎ አልነሣ ብሎ፣ «ለሕክምና ሪያድ ሄደዋል» መባሉን ከሰማን ወዲህ፣ በሂንዳዊያ ሰፈር በአንድ ክፍል የምንኖር ሴቶች ለጤናዎ በየእምነታችን ስንለምን ሰንብተናል፤ ሩቂያ በዱዓ፣ እኔ በአቡነ ዘበሰማያት። ልመናችን ሳይሰማ እንዳልቀረ ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

ፀደይ እንግዳ እባላለሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በቤት ሠራተኛ ቪዛ የመጣሁ፣ ከከፊሌ፣ ማለትም ከአሠሪዬ፣ ቤት ከወጣሁ ጀምሮም የማኅበሩን አሮጌ ላፕቶፕ በነጻ ስጠግን የኖርሁ ነኝ። በቅርቡ ለአባላቱ በላኩት መልእክት «ምዝገባው የተቋረጠው ልጅቷ የማይታወቅ ነገር ጭናበት ማሽኑን ስላበላሸችው ነው» ማለትዎን አንብቤአለሁ። ስሜን ስላልጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ላፕቶፑን የምትነካ ሌላ ልጅ በማኅበሩ ስለሌለች መጥቀስም አያስፈልግዎትም ነበር።

የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለን የሰጠው የምሕረት ጊዜ ነገ ያበቃል። እርስዎ ራስዎ እንደ ነገሩን፣ ስሙ በማኅበሩ በኩል በኢንተርኔት ተልኮ ማረጋገጫ የያዘ ሰው በሰላም ወደ አገሩ ይሳፈራል፤ ያልያዘ ግን ከነገ ወዲያ ከመንገድ ይታፈሳል። የሩቂያ ፓስፖርት ከፊሏ ዘንድ ቀርቷል፤ ኢቃማዋም፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ከዚህ የሚቀጥለውን ሲያነቡ፣ እያነበቡ ያሉት ስለ ኮምፒውተር ብቻ እንዳይመስልዎ።

፩. «የማይታወቅ ነገር» ያሉት ሊነክስ ይባላል። ማሽኑ ከእርጅናው የተነሣ ሌላ መሸከም ስላልቻለ የጫንሁበት ሲስተም ነው፤ ዓመት ሙሉም አገልግሎዎታል። በውስጡ ያለው የዋየርለስ ካርድ ግን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ለብቻው ፈልጎ የሚጫንለት ዓይነት ነው፤ ፈልጌ ጭኜለት ነበር። በሐጅ ሰሞን ጸሐፊዎ አቶ አሚር ላፕቶፑን ለአገልግሎት ብለው ወደ መካ፣ ዓዚዚያ ወሰዱት። ሐጃጆቹ ወደ ሚና ወጥተው ሕንፃው ጭር ባለበት ቀን ብሔራዊ ቡድናችን ከናይጄሪያ ጋር ይጫወት ነበርና፣ ቪዲዮው አልከፈት ስላላቸው፣ አንድ ወዳጃቸው በአገራችን ልማድ ለማንኛውም በሽታ የሚታዘዘውን መድኃኒት አዘዘ፤ «ፎርማት ይደረግ!»

እዚያው ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ትሠራ የነበረችው ሩቂያ ደውላ «ፀዱዬ፣ ወላሂ ላፕቶፕሽን ሊያርዱት ነው፣ ቢላው ብቻ ነው የቀራቸው!» አለችኝ። ክርስቲያን መካ አይገባምና ሮጬ ላስጥለው አልቻልሁም፤ በስልክ ብለምናቸው አቶ አሚር «ኸላስ፣ አንቺ ደግሞ ምን ያንጨረጭርሻል፣ አዲስ ይሆንልሻል» ብለው ዘጉብኝ። የዊንዶውስ ሲዲው ማሽኑ ላይ አልገባ ስላለ፣ ያንኑ ሊነክስ ባዶውን፣ ያለ ድራይቨሩ፣ መልሰው ጫኑበት። ጨዋታውንም አላዩ፤ ላፕቶፑንም እንደዚያው ወደ እኔ መለሱት። አገራችንም ተሸነፈች፤ እርሱን እንኳ በእኔ አላሳበቡም፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

፪. ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። በገመድ እንዳላገናኘው ገመዱ የሚሰካበት ራውተር እርስዎ በቆለፉት ቢሮ ውስጥ ነው። በስልኬ እንዳላወርደው ሒሳብ ለመሙላት የኢቃማ ቁጥር ይጠየቃል። ስለዚህ በሂንዳዊያ መዝጊያውን እስከ ጉልበት ዝቅ አድርጎ ከሚሠራው ከዐብዱ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በፍላሽ አመጣሁ። ያመጣሁት ለአዲስ ሲስተም የተሠራ ሆኖ የእኛ አሮጌው አልቀበል አለው። በሁለተኛው ጉዞዬ የሚስማማውን ይዤ ስመለስ፣ ምሕረቱ ገና ሳያልቅ የፖሊስ ፍተሻ ቆሞ ስለነበር፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ገብቼ የማልገዛውን መጋረጃ ስመርጥ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ከመንገድ ማዶ ሁለት ያገራችን ልጆች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ወደ መኪናው ሲጫኑ አየሁ፤ አንደኛው ነጠላ ጫማው መሬት ቀርቶበት ተመልሶ ሊያነሣው ሲል አልፈቀዱለትም። ከሱቁ ስወጣ የዐብዱ መዝጊያ እስከ መሬት ወርዶ ነበር። እርሱ የት እንዳለ እስካሁን አናውቅም። ፍላሹ ግን በእጄ ነበር፤ ካርዱም ሠራ።

፫. ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሩቂያና ከሌሎች ሴቶች ጋር በሁለት ሊሞዚን ታክሲ ተከፋፍለን ቢሮዎ ደረጃ ላይ መጥተን ተቀመጥን፤ የራውተሩን የይለፍ ቃል ድሮም ያወጣሁት እኔ ስለሆንሁ በበሩ ላይ እንደ ቆለፉ በእርሱም ላይ ለመቆለፍ አላሰቡም። ላፕቶፑ ወዲያው ተገናኘ። የሩቂያን ስም አስገብቼ ላክሁ። ገጹም «ሊቀመንበሩ እስኪያጸድቅ ይጠብቁ» አለኝ፤ የሚያጸድቀውም ከእርስዎ መሣሪያ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሪያድ ሩቅ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ መስመሩ ለምን እንደሚጎተት ለማየት ከራውተሩ ጋር የተገናኙትን መሣሪያዎች ከፈትሁ። ሁለት ነን። አንደኛው ይህ ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው እኔ ራሴ በስምዎ የሰየምሁልዎ ስልክ ነው። ቪዲዮ እያዩ ይመስለኛል። እንኳን ከሕመምዎ ተነሡ፤ ከሪያድ እስከዚህ ድረስ በዚህ ፍጥነት መመለስዎም ያስደንቃል።

ሩቂያ ይህን ስነግራት አልተቆጣችም። በርዎን ተደግፋ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ዝቅ ብላ «ጋሼ፣ አንዴ በጣትዎ ይንኩልኝ፣ ዕድሜ ልኬን ዱዓ አደርግልዎታለሁ» አለች። ሰምተዋታል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቪዲዮው ድምፅ ቆሟልና።

ትዕግሥትዎን ላለመፈታተን በዚህ አበቃሁ። ይህ ደብዳቤ በራስዎ ኢንተርኔት ለአባላቱ ሁሉ እንዲደርስ ስለ ፈቀዱልኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለመልካም ስምዎ፣ ከተረፈ፣ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ ማሽኑን ያበላሸችው ልጅ፣
ፀደይ እንግዳ
ከበርዎ ውጭ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከሕንፃው ሥር የፍተሻ መኪና ቆሟል፤ ከታች የነበሩት ሴቶችም ወደ ላይ ወጥተው በርዎ ላይ ተጠጋግተዋል። አሁን የሚሰሙት ማንኳኳት የእኛ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌላ ማንኳኳት ይመጣ ይሆናል፤ እንዳያምታታዎ፣ ያኛው «አቶ» ብሎ አይጠራዎትም።