የቡድኑ ድስት

ወንድሜ ባዩ፣ ከሰላምታው በፊት ለማንም ተንፍሼው የማላውቀውን ነገር ላስቀድም፤ ሰላምታውን ካስቀደምኩ ወኔዬ ይከዳኛል። ባለቤቴ ይሻው የኳስ ቡድኑ ሥራ አስኪያጅ በነበረበት ዘመን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ቡድኑ እንዲሸነፍ እለምን ነበር። ሌላዋ ሴት ለልጇ፣ ለከብቷ ስትሳል እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ «ነገ ይሸነፉ፤ ተስፋ ይቁረጡና ባሌ ወደ ቤቱ ይመለስ» እል ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ቢስቁብኝስ ብዬ ነው፤ ባይስቁ ደግሞ የባሰ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ስትነሣ ትይዘዋለህ? ባለቤትህ ማሬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ጉልበቴን ብርዱ ይቆረጥመዋል፤ የዘንድሮ ውርጭ ጠንክሮ ጠዋት ጠዋት የጓሮው ጎመን ነጭ ለብሶ ይገኛል። ልጄ ዝናሽ ደኅና ናት፣ ትምህርት ቤት ትመላለሳለች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ስልኩም «ሄሎ» ተባብለን ሳንጨርስ ይቋረጣል፤ ይህ ነገር ደግሞ በተቆራረጠ ድምፅ የሚነገር አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ከሐጂ ሱልጣን ሱቅ በሚመጣ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቃለህ፤ ጽሑፌ ቢጣመም ታገሠኝ።

የምጽፍልህ ጉዳይ ይህ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ቤቴ መጣ፤ እህል ነጋዴው ጌጡ፣ ሐጂ ሱልጣንና አሠልጣኙ ካሳሁን። የመጡት በአንተ ነገር ነው። ከአዳማ ጠቅልለህ መጥተህ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ እንድትሆን ይፈልጋሉ። ለአንተ በቀጥታ ያልነገሩህ፣ «እኛን እንቢ ይለናል፤ የእኅቱን ቃል ግን አይጥልም» ተባብለው ነው። እጽፋለሁ አልኳቸው። ከጥምቀት በፊት መልስ ይፈልጋሉ፤ ውድድሩ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲገባህ ከሥሩ ላንሣው። ይሻው በሕይወት ሳለ ሰዉ፣ ኳስ የሚያገባው እግር ነው፣ የሚያስተምረው አሠልጣኝ ነው፣ ሥራ አስኪያጅ ምን ይሠራል ይል ነበር። እኔም የማስበው እንደዚያው ነበር። ይሻው አናጺ ነው፤ ሜዳ ገብቶ ኳስ ሲነካ ዐይቼው አላውቅም። ሲያደርግ የማየው ሌላ ነው። ሚኒባሱን ማን እንደሚነዳው፣ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ ሲያጣራ ይውላል። ካሳሁን ስለ ኳሱ ብቻ እንዲያስብ የቀረውን ሁሉ እሱ ያስብ ነበር። የሰው በር እየሠራ የሚያድር ሰው ሆኖ ሳለ የገዛ ቤታችን በር ማጠፊያው ተነቅሎ በገመድ ታስሮ ከረመ።

ተከላካዩን ሙላቴን ያመጣችሁበትን ቀን አትረሳውም። አባቱ «ገብሴ ማሳ ላይ ቆሞ ልጄ ኳስ አይከተልም» ብለው ሲመልሱት ይሻው አልተከራከራቸውም። በማግስቱ ቡድኑን በሙሉ፣ በረኛውን አንተን ሳይቀር፣ ማጭድ አስይዞ ጉና ተራራ ወጣ። የሰውየውን ገብስ በደቦ አጭዳችሁ ከመራችሁ። ከዚያ በኋላ አባትየው ልጃቸውን ራሳቸው በበቅሎ ይዘውት ወረዱ። ከተማው እስከ ዛሬ እያነሣው ይስቃል፤ አምበሉ ሙባረክማ ሙላቴን «በገብስ የተገዛ ተከላካይ» እያለ አያስቀምጠውም። እኔ ግን ያን ቀን የማስታውሰው በሌላ ነው፤ ዝናሽ የተወለደችው ያን ቀን ነው። ምጡ ሲጠናብኝ ወገቤን የያዘችኝ የሐጂ ሱልጣን ባለቤት ሐሊማ ናት። እናንተ እየዘፈናችሁ ስትመለሱ ልጅቷ ታጥባ ተጠቅልላ ነበር። ይሻው ገለባው ከልብሱ ሳይራገፍ ገብቶ አቀፋት፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው ቀና ብሎ «ሙላቴ እኮ መጣ» አለኝ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ላስነሣት ኢየሱስ ስሄድ ነው ያን ልመና የጀመርኩት።

የቡድኑን ምግብ እኔና ሐሊማ እናበስል እንደነበርም ታስታውሳለህ። ይሻው ቡድኑ በተሰበሰበበት ቀን ሥጋ ወደ ድስታችን አያስገባም ነበር። ክርስቲያኑ የሙስሊም እጅ ያረደውን አይበላ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን አይበላ። ታዲያ ሁለት ድስት ጥደን ሁለት ገበታ እንዘርጋ ብዬው ነበር። «ዛሬ በሁለት ገበታ የበላ ነገ በአንድ ኳስ አይግባባም» አለኝ። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፤ ድንች፣ ምስር፣ ሽሮ። በእኛም ጾም በረመዳንም የጾመው ይጾማል፤ ሲበላ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ነበር። አንተ ራስህ «ኳሱ በአየር፣ እኛ በሽሮ ተነፋን» እያልክ ታስቀን ነበር።

አንተ አዳማ ከሄድክ በኋላ ቡድኑ ከምድቡ ወረደ። የመጨረሻዋን ጨዋታ በዝናብ ተሸነፉና ይሻው ጭቃውን እንደለበሰ ቤት ገባ። የለመንኩት ይህንኑ ነበር። በማግስቱ የበሩን ማጠፊያ ሠራው። ከዚያ ወዲያ ግን ቤት ተቀመጠ። ምድጃው አጠገብ ሆኖ፣ ያ ልጅ ሥራ አገኘ ይሆን፣ የዚያ ልጅ እናት ዳነች ይሆን ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ባሌ ቤቴ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አልመሰለኝም። ዓመት ሳይሞላ ደም ግፊቱ ጣለው። የቀብሩን ነገር መጥተህ አይተሃል፤ ሙባረክ አስከሬኑን ለሌላ ሰው አልለቅም ብሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲሸከም። ልመናዬ ገደለው አልልህም፤ እንደዚያ ማሰብ ለራስ ትልቅ ቦታ መስጠት ነው። ግን ሰው ሁሉ ሲያለቅስለት እኔ በምን አፌ እንደማለቅስ ጠፍቶኝ እንደነበር ታውቃለህ ወይ? አላወቅክም። «እኅቴ ጠንካራ ናት» አልክ።

ውድድሩ በመንገዱ ምክንያት ተቋርጦ ቆይቶ ዘንድሮ ሲመለስ ጌጡን ሥራ አስኪያጅ አደረጉት። ጌጡን ታውቀዋለህ፣ ያለውን የማይሰስት ደግ ሰው ነው። በጥቅምት ከአንበሳሜ ቡድን ጋር ሊጋጠሙ በዋዜማው ልጆቹን ላስደስት ብሎ ሰንጋ ጣለ። እኔ ድንች ልልጥ ስደርስ ሰንጋው ተገፎ ተሰቅሏል፤ ያረደውም የእኛ ሰው ነው። ጌጡ እጁን እያፋተገ «ወርቅነሽ፣ ዛሬ እንኳ ከሽሮሽ አሳርፊያቸው፤ ልጅ በሽሮ አይሮጥም» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ አላሰበውም እንጂ። ሐሊማ ሰንጋውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ቤቷ ሄዳ ሽሮ ጣደች።

ልጆቹ ከልምምድ ሲመለሱ እነሙላቴ ጥብሱን ከበው ተቀመጡ፤ እነሙባረክ የሐሊማን ሽሮ ይዘው በረንዳው ላይ። ጌጡ ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ልውጥ አለ። በግ ይምጣና በሐጂ እጅ ይታረድላችሁ እያለ ተሯሯጠ። እነሙባረክ በትሕትና ጠግበናል አሉት። ሙባረክ ሳህኑን ሊመልስልኝ ሲመጣ ግን ቀስ ብሎ «እትዬ ወርቄ፣ ጋሼ ይሻው ቢኖር ይኼኔ ሁላችንም ሽሮ እየበላን ነበር» አለኝ። ሳህኑን ተቀብዬ አጠብኩ።

በማግስቱ ተሸነፉ ብልህ ነገሩ ይቀል ነበር። አልተሸነፉም፤ እኩል ወጡ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ድሮ በሚኒባሱ ውስጥ እንደተገኘ ተደራርበው የሚቀመጡ ልጆች ግን ሲመለሱ እኩሌቶቹ ከፊት፣ እኩሌቶቹ ከኋላ ሆኑ። ከዚያ አንዱ ሱቅ የሚጠብቅልኝ አጣሁ አለ፣ ሌላው እግሬን አሞኛል አለ። ሙላቴም አጨዳ ደረሰብኝ ብሎ ጉና ወጣ፤ ማጭድ ይዞ የተከተለው የለም። አሁን ካሳሁን ሜዳው ላይ ለጥቂት ልጆች ፊሽካ ይነፋል። ቡድን የሚፈርሰው በጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ እየተሳሰቀ፣ ሰላም እየተባባለም ይፈርሳል።

እሑድ ዕለት ጌጡ የሰጠሁትን ጠላ ሳይቀምስ አቀርቅሮ ተቀመጠ። «እኔ በሬ መግዛት ነው የማውቅ። ይሻው ሰው ያይ ነበር። ሰው የሚያይ አምጪልን» አለኝ። እንደ እሱ ላለ ሰው ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ካሳሁን፣ ልምምዱን ትቼ የመኪናና የማደሪያ ነገር ስሯሯጥ እውላለሁ፣ ሁለቱንም አበላሸሁ አለ። ሐጂ ሱልጣን ደግሞ አንተ አዳማ ላይ የሹፌሮችን ስምሪት ስትመራ የማን ሚስት አራስ እንደሆነች፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ ሳታጣራ መኪና እንደማታስወጣ ከሹፌሩ ከሙሳ ሰምተዋል። «ይሻው ሥር ያደገ ልጅ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አናገኝም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አንተ ከመጣህ ሙባረክ ይመለሳል፣ ሙላቴም ከጉና ይወርዳል፤ ሌሎቹ እነሱን ይከተላሉ። ይህ አይጠረጠርም። ከተማው ጎል ሲገባ ሙባረክን ነው የሚጠራ፤ ይሻውን ጠርቶት አያውቅም። የጠራው ሲያጣው ነው። አሁን ሥራው ምን እንደነበር ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእኔ ነበር፤ የሚከፈልበትን ስለማውቅ።

እንግዲህ እኅቴ ምን ትለኛለች ትል ይሆናል። ደክሞኛል ባዩ። ና ብልህ ለከተማው ደግ ሠራሁ ይባላል፤ ግን ማታ ማታ እራት ከድና የምትጠብቅ ሴት ሆዷ ውስጥ ምን እንደሚያድር አውቃለሁ። አትምጣ ብልህ ደግሞ ያንኑ የቅዳሜ ልመናዬን ዛሬም ለመንኩ ማለት ነው። ይሻው ይህን ሥራ ሲቀበል ለሽማግሌዎቹ ቃሉን ሰጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ቤት ገብቶ የነገረኝ። ቢጠይቀኝ እሺ የምለው ይመስለኛል። እሺ ብዬ ቢሆን ደግሞ ቅዝቃዜውንም፣ ብቻነቱንም የራሴ ባደረግሁት ነበር። ሰው ሳይጠየቅ የተጫነበትን ሸክም ቀላል እንኳ ቢሆን ይጠላዋል።

ለማሬ እናት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ልጅህን ማሩን ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስትህ የላከችልህ ኮፍያ አዳማ ባይበርድም ሌሊት ይሆንሃል በለው። ትንሿን በሁለት እጅህ ከፍ አድርገህ ሳምልኝ። ዝናሽ አጎቴን ሰላም በይልኝ ትላለች፤ ሐሊማም ሰላም ብላሃለች፣ ወገብህ በቅቤ ይታሽ ትላለች። ካሳሁንም ሰላም ብሎሃል።

ወረቀቱን የሚያደርሰው ሙሳ ነው፣ ድንች ጭኖ ይወርዳል። አንተ ግን አትቀበለውም። አንተ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ቤት ሄዶ በማሬ እጅ እንዲያስረክብ ተማምነናል። እኔ ያልተጠየቅኩትን እሷ ትጠየቅ። ይህን እያነበብክ ከሆነ ማሬ ቀድማ አንብባዋለች፣ አስባበታለች፣ ፈቅዳም ሰጥታሃለች፤ እንግዲያው ተነሥና ና። ማሬ፣ እኅቴ፣ ልብሽ ካልፈቀደ ግን ወረቀቱን ከሰሉ ላይ ጣይው፤ አልቀየምሽም። ጌጡ እንዳይደውልለት ቃሉን ሰጥቶኛል። ሽማግሌዎቹንም አልሆነለትም ብዬ እኔው እመልሳቸዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ ደርሶ እንደነበር ማንም አይሰማም፤ ባዩም ቢሆን።

እኅትህ ወርቅነሽ
ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ማሬ፣ በእጇ፤ አዳማ።