አባባ ፒያኖሽን የሰሙ ዕለት

ለምሳሳልሽ የወንድሜ ልጅ ለትሕትና ሰውመሆን፣
ካለሽበት ፖላንድ አገር

እንዴት ሰነባብተሻል የኔ ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ብርዱ ጣቶችሽን አላደነዘዘብሽም? ጾሙንስ በምን ትይዥዋለሽ፣ ሽሮ እንኳ በሌለበት አገር? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሩዙ ታጭዶ እየተወቃ ነው፤ ወረታም ገለባ በገለባ ሆናለች። አያትሽ አባባም ወንዛዬ ፍል ውኃ ተነክረው ከመጡ ወዲህ ጉልበታቸውን ተሽሏቸዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ካልነገርኩሽ ልፈነዳ ነው! ትናንት ረቡዕ የፒያኖ ውድድርሽን ልናይ ተሰናዳን። መሪጌታ አያትሽ ግን፣ ከመሄድሽ በፊት ምርቃት ብትለምኛቸው ሳይመርቁ እንደሸኙሽ ሁሉ፣ አሁንም «በጾም ዘፈን ከቤቴ አይሰማም» ብለው ቁጭ። እኔም ቴሌቪዥኑን አሸክሜ ወደ ባለቤቴ ወደ ማረው የሩዝ ወፍጮ ቤት። ማረው በዚህ በአዝመራ ሰሞን፣ ባለሩዙ ተሰልፎ እያጉረመረመ፣ ወፍጮውን ቀጥ አደረገልሽ። «ልጃችን በዓለም ፊት ልትፈተን ነው፤ ያልወደደ ሩዙን ተሸክሞ ይሂድ!» አለ። ማን ይሄዳል? ሁሉም ጆንያው ላይ ተቀምጦ አየሽ። ልጄ ባምላክ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘልን።

ሹሩባሽን ተሠርተሽ፣ በጥቁር ቀሚስ ብቅ ስትይ እንዴት እንዳማረብሽ! ገና መጫወት ከመጀመርሽ አባባ መቋሚያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። «ወፍጮው ምን ሆኖ ቆመ ብዬ ነው» አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸው እኮ! ከዚያማ እንደ ድጓ ተማሪ ያዙሽ። ዘግየት ስትይ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ «አትጎትቺ!»፣ ፈጠን ስትይ «ማን አባረረሽ?» ሰዉ የተሳሳትሽ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። ባምላክ «አባባ፣ የዚያ የፖላንዱ ዜማ ደራሲ የሾፓን ሥራ እንዲህ እየተሳበ እየተሰበሰበ ነው የሚያምረው» ቢላቸው፣ «እሺ፣ መጽሐፏ የታለ?» አሉ። በቃሏ ነው አልናቸው። «ይህን ሁሉ? በቃል?» ብለው መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። በወጣትነታቸው በድጓ ምስክር ቤቱ በቤተ ልሔም ሲያስመሰክሩ ከመምህራን ፊት መቅረብ ምን እንደሆነ ያውቁታላ።

ውጤቱ ሲነገር ደግሞ ጉድ ሆንን። ስምሽ ተጠራ፤ አንቺ ፊትሽን በእጅሽ ሸፍነሽ አለቀስሽ። እኛ ቋንቋውን የት እናውቀዋለን? ጎረቤታችን አማከለች «ወደቀች ልጄን!» ብላ ደረቷን ስትደቃ እኔም ተከተልኳት። ባምላክ «ኧረ ለመጨረሻው ዙር አለፈች!» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ወፍጮ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። ከዚያ እልልታው! ማረው የሚያደርገው ቢጠፋው ሩዝ ሳይጨምርበት ባዶውን ወፍጮ አስነሳው።

ዛሬ ጠዋት አባባ ከኪዳን ሲመለሱ «ወረቀት አምጪና ጻፊላት» አሉኝ። እንዳሉት ይኸውልሽ፦ «ጣቶችሽን ይባርካቸው፤ ከዳኞች ፊት ሞገስ ይስጥሽ፤ የዘራሽውን ለማጨድ ያብቃሽ።» አሜን በይ! እኔማ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው።

ማረው፣ ለመጨረሻው ዙርሽ ቅዳሜም ወፍጮው አይነሳም ብሏል። ይህን ደብዳቤ በስልኩ አንስቶ የሚልክልሽ ባምላክ ነው፤ ይስምሻል። አማከለች «ወደቀች ያልኩትን ይቅር በይኝ» ትልሻለች። አባባ ደግሞ ከምርቃቱ በኋላ ከደጅ ተመልሰው «ሁለተኛው ዜማ ላይ ቸኩላለች፤ ቅዳሜ ብትደግመው ወየውላት!» አሉ። ደስ ይበልሽ የኔ ልጅ፤ እሳቸው የሚቆጡት የራሳቸውን ተማሪ ብቻ ነው።

አክስትሽ ውባንቺ
ወረታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.